የቁጠባ አበል

ሳህሉ ሀንዳሞ ብር ሲያወጣ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሆሳዕና ገበያ ውስጥ እሱን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ የሚያውቁት ግን ሲገዛ ሳይሆን ጠይቆ ሲያልፍ ነው። "ስንት ነው?" ይላል። ይነግሩታል። "ወይ ጌታ ሆይ!" ይልና መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ጥቁር ጫማ አለው። መጀመሪያ ሶሉን አስቀየረ፣ ቀጥሎ ላዩን አስቀየረ፣ እስከ ዛሬም "ያው የሠርጌ ጫማ እኮ ነው" እያለ ይከራከራል። ባጃጅ የሚሳፈረው ዝናቡ ልብሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከታሪፉ እንደሚበልጥ ካመዛዘነ በኋላ ነው፤ እሱ ሲያመዛዝን ደግሞ ዝናቡ ያባራል።

ሚስቱ ሮማን ቅቤ ነጋዴ ናት፤ አፏም እንደ ሚዛኗ ለማንም አያዳላም። "የሊያ አባት እኮ ሲተነፍስም ግማሹን ያስቀምጣል" ትላለች ገበያ መሀል ቆማ፣ ደንበኛ እየሰማት። እሱ አይከፋውም። እንዲያውም ደስ ይለዋል መሰለኝ።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሰውየው ስስታም አይደለም። አሥራቱን ቀድሞ ያወጣል። ዕድሩን አያስተጓጉልም። ልጁን ሊያን ዩኒቨርሲቲ ያስገባት ከማንም ሳይበደር ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ቤት ያልገባ ገንዘብ ከቤት አይወጣም። ይኼን ሕግ ሮማንም፣ ልጁም፣ ድመቷም ያውቁታል። ሰው ሁሉ እንደ ሳህሉ ቢሆን ኖሮ በከተማው የሚያለቅስ ባለዕዳ ባልኖረ ነበር።

ጉዱ የሚመጣው ጠዋት ቢሮ ሲገባ ነው።

ሳህሉ በአካባቢው ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የበጀት ባለሙያ ነው። የቱ ወረዳ? ተዉት፤ ስሙን ብንጠራው "እኛን ነው" የሚሉት ይበዛሉ። ሥራው በአጭሩ ገንዘብ እንዳይተርፍ መጠበቅ ነው። ቤቱ እንዳያልቅ ይተጋል፣ ቢሮው እንዳይተርፍ ይተጋል፤ ሁለቱንም በአንድ ጭንቅላት ይዞ እንዴት ሌሊት እንደሚተኛ እግዜር ይወቀው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። እስከዚያ ያልወጣ ብር ወደ ካዝና ይመለሳል፤ መመለሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ በሚቀጥለው ዓመት "አምናስ አልተጠቀማችሁበትም" ተብሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ይሯሯጣል። ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ይገዛል። አምና ለተበላሸ ፕሪንተር የዘንድሮ ቀለም ይገዛል። ሳህሉም በዚያ ሁለት ጊዜ በታደሰ ጫማው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተራመደ "ከጽዳት ዕቃው ላይ ቀረ እኮ! ምን እየጠበቃችሁ ነው?" ይላል።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፍሬው ናቸው። አቶ ፍሬውን በደንብ ለማወቅ ግን ቢሮ አይበቃም፤ ቱታ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ቱታ እንግዲህ የመስቀል በሬ ማኅበር ነው። ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ያዋጣሉ፣ መስከረም ሲጠባ ጥሩ በሬ ገዝተው ያርዳሉ፣ እኩል ይካፈላሉ። ሴቶቹ ደግሞ በበኩላቸው ቅቤያቸውን ያጠራቅማሉ። በእኛ አገር ጴንጤም ሆነ ካቶሊክ፣ ሀዲያም ሆነ ከምባታ፣ በመስቀል ሥጋ ያልገባበት ቤት በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። ልጆቹ ደጅ አይወጡም። ምን ብለው ይወጣሉ? "እናንተ ቤት ስንት መደብ ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ የጎረቤት ልጅ ሞልቷል።

የሰፈሩ ቱታ ሰብሳቢ አቶ ፍሬው፣ ገንዘብ ያዡ ሳህሉ ነው። ቢሮ ውስጥ ስልክ እያወሩ፣ ወረቀቱን ሳይገልጡ የሚፈርሙት አቶ ፍሬው ቱታ ላይ ሌላ ሰው ናቸው። እያንዳንዷን ብር ሁለት ጊዜ ያስቆጥራሉ። አምስት ደቂቃ የዘገየን ይቀጣሉ። አምና በሬ ሊገዙ ሾኔ ገበያ ሄደው ከነጋዴው ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ተጨቃጭቀው፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ተሸንፎ እጁን ሲሰጣቸው "ገመዱንስ?" ብለው ገመዱን በነጻ ወስደዋል። ያ ገመድ ዛሬም የቱታው ንብረት ነው። ሳህሉ ይህን ሲያይ ልቡ በኩራት ይሞላል፤ "እንዲህ ዓይነት ሰው አገር ቢመራ!" ይላል። የሚመሩት እሳቸው መሆናቸው ትዝ አይለውም።

ባለፈው ሰኔ ምን ሆነ መሰላችሁ። የበላይ አካል "የቁጠባ ባህልን ስለ ማጎልበት ሥልጠና ይሰጥ" ብሎ አዘዘ። መልካም ትእዛዝ ነው። ሆሳዕና ላይ ቢሰጥ ግን አበል አይፈቀድም፤ ሁሉም ምሳውን ቤቱ በልቶ ይመለሳላ! ስለዚህ ሥልጠናው ዱራሜ ሆነ። ቲሸርት ታተመ፣ ኮፍያ ታተመ፣ ቦርሳ ታተመ። ባነሩ ላይ ቀኑ ተሳስቶ ስለወጣ ሌላ ባነር ታተመ። ችግሩ የአበሉ በጀት ሚያዝያ ላይ ማለቁ ነበር።

አቶ ፍሬው ሳህሉን አስጠሩት።

"ደመወዝ ላይ ገንዘብ ተቀምጦ የለም እንዴ?" አሉት።

"አለ። እሱ ግን የመምህራኑ የሰኔ ደመወዝ ነው።"

"ለአሥራ አምስት ቀን ነዋ! የሐምሌው በጀት ሲለቀቅ እንተካዋለን።"

"ሐምሌም የራሱ ደመወዝ አለበት፣ አቶ ፍሬው።"

"ሳህሉ፣ መንግሥት ይከስራል እንዴ? ሰምተህ ታውቃለህ?"

ሳህሉ ሰምቶ አያውቅም። ሮማን የሚቀጥለውን ወር የቤት ወጪ ለዛሬ ሽርሽር አምጣ ብትለው ኖሮ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ይኼ ግን የሮማን አይደለም፤ የመንግሥት ነው። የመንግሥት ማለት ደግሞ መሀል ገብቶ "ኧረ ተዉ፣ የኔ ነው!" የሚል ባለቤት የሌለው ማለት ነው። እሱ እንዲያ ነበር የሚመስለው። ገንዘቡ ከደመወዝ ወደ አበል ይዛወር የሚለውን ደብዳቤ ጻፈ። አቶ ፍሬው ስልክ እያወሩ ፈረሙ።

በማግስቱ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ስለ ቁጠባ ሊማር ወደ ዱራሜ ወረደ። አንጋጫ ላይ ሲደርሱ ከዚያኛው አቅጣጫ የሚመጡ ሌሎች የመንግሥት መኪኖች አገኙ። እነሱም ቲሸርት ለብሰዋል፤ እነሱም ለቁጠባ ሥልጠና ወደ ሆሳዕና እየወጡ ነበር። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ተነፋፍተው፣ እጃቸውን አወዛውዘው ተላለፉ። ነዳጁን ማን ይቁጠረው!

አዳራሹ ውስጥ አቶ ፍሬው እንባ እስኪተናነቃቸው ተናገሩ። "ሰው በገቢው ልክ ይኑር! ዛሬ በዋዛ የምናባክናት ብር ነገ ልጆቻችንን ታስለቅሳለች!" ሳህሉ ከልቡ አጨበጨበ። እንዴት አያጨበጭብ? የእሱን ሕግ ነው የተናገሩት። ማታ ማታ የሆቴል አልጋ አልተከራየም፣ ዱራሜ ያለች አክስቱ ቤት አደረ። አንዲት ሻይ እንኳ ከኪሱ ሳይጠጣ አበሉን አንድም ሳይጎድል ይዞ ተመለሰ። ከሥልጠናው ትምህርቱን በተግባር ያዋለ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

የሰኔ ደመወዝ ለመምህራን አልገባም። መጀመሪያ "ሲስተም የለም" ተባለ። ቀጥሎ "በሂደት ላይ ነው" ተባለ። የሐምሌው በጀት ሲለቀቅ ደግሞ ሆቴሉ፣ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁት፤ እነሱ ከፊት፣ መምህራኑ ከኋላ። ነሐሴም እንዲሁ አለፈ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ ግን፣ ምስጋና ይግባውና፣ አንድ ቀን አላደረም።

የሳህሉ ጎረቤት ታዴዎስ የሒሳብ መምህር ነው። የአንጋጫ ልጅ፣ ካቶሊክ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ኩሩ። በቱታው አንድ ወር እንኳ ተጓድሎ አያውቅም ነበር። ሰኔን ዘለለ። ሐምሌን ዘለለ። ነሐሴ ላይ ሚስቱ ብርቅዬ ሮማን ዘንድ መጥታ ያጠራቀመችውን ቅቤ "ግዢኝ" አለቻት። ለመስቀል የተጠራቀመ ቅቤ! ሮማን ገዛቻት፤ ማታ ግን እራቱን አቅርባ ባሏ ፊት ቆመች።

"የሊያ አባት፣ የመምህራኑ ደመወዝ የት ገባ?"

"በሂደት ላይ ነው።"

"እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ሂደት አላውቅም። የት ገባ?"

ሳህሉ ጎመኑን ቀና ብሎ ሳያይ በላ። ያን ሌሊት እንደሌላው ጊዜ እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደውም።

የቱታው ደንብ ሦስት ወር ያላዋጣ ሰው ከበሬው ይወጣል ይላል። የነሐሴው መጨረሻ ስብሰባ ሳህሉ ቤት ነበር፤ የታዴዎስን ስም የሚያነበውም እሱ ነው። አነበበ። ታዴዎስ ተነስቶ "ደመወዝ አልገባም፤ ታውቃላችሁ" አለ።

አቶ ፍሬው መነጽራቸውን አወለቁ። "መምህር፣ እናዝናለን። ግን ደንብ ደንብ ነው። ደግሞስ አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ? ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነበረብህ። ሰው በገቢው ልክ መኖር አለበት።"

ዓይናቸውን በጨው አጥበው! እሑድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ!

ተገኘ የሚባለው ሥጋ ሻጭ የቱታው ሽማግሌ ነው፤ "እስከሚቀጥለው እሑድ ጊዜ እንስጠው" አለና በዚያ ተስማሙ። ታዴዎስ አመስግኖ ወጣ። ሳህሉ እስከ በሩ ሸኘው፤ ቀና ብሎ ግን ሊያየው አልቻለም። ደብዳቤውን የጻፈች እጅ ናት ታዴዎስን የጨበጠችው። ያፍር ነበር፣ በጣም ያፍር ነበር። ታዴዎስ ከበሬው ቢወጣ ልጆቹ በመስቀል ቀን የሚዘጉበትን በር የዘጋው እሱ ሳህሉ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ በሰፈሩ እሱና አቶ ፍሬው ብቻ ናቸው። አቶ ፍሬው ደግሞ የረሱት ይመስላል።

ሐሙስ ቀን ሳህሉ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ሳጥኑን ከፍቶ የዱራሜን አበል አወጣ፣ የሦስት ወሩን መዋጮ ለየ፣ ታዴዎስ ቤት ሄደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ምንድነው?" አለ ታዴዎስ።

"መዋጮህ ነው። እሑድ ክፈልና ዝም በል። ማንም አያውቅም።"

ታዴዎስ ብሩን አየ፤ ሳህሉን አየ። "አንተ? ብር ሰጠህ? ሳህሉ፣ ምን ሆንክ፣ አመመህ እንዴ? ሐኪም ምን አለህ?"

"አትቀልድ። ውሰደው።"

"ከየት አመጣኸው? ለሊያ ያስቀመጥከውን ከሆነ አልነካውም።"

"አይደለም። አበል ነው።"

"የምን አበል?"

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ውሸት ብትበቃ ነበር። ሳህሉ ውሸት አልመጣለትም። "የሥልጠና" አለ፤ ቆይቶም "የቁጠባ" አለ።

"እሱስ ከየት ተከፈለ?"

"ዝውውር ነው።"

"ከምን ላይ?"

"ከደመወዝ።"

"ከማን ደመወዝ?" አለ ታዴዎስ። የሒሳብ መምህር አይደል፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው።

ሳህሉ መሬት መሬት አየ። መልሱ ያ ነበር።

ታዴዎስ ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ! ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ብርቅዬ ከጓዳ እጇን እየጠራረገች ሮጣ መጣች። "ነይ፣ ብርቅዬ፣ ነይ!" አላት። "ደመወዝ ገባ! ሳህሉ በእጁ ይዞ አመጣልን!" ምስኪን፣ እውነት መስሏት ፊቷ በራ። ባሏ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ ስታይ ግን ገባትና ተቀመጠች።

"ታውቃለህ፣" አለ ታዴዎስ፣ ሳቁ አልቆ፣ "እኔ ስንት ሌሊት ሙሉ የት እንዳባከንኩ ስቆጥር ነበር። ለልጆቹ ጫማ የገዛሁበትን ቀን እያነሳሁ ራሴን ስሰድብ ነበር። ፍሬው እውነቱን ነው ብዬ ነበር እኮ! እኔ ነኝ አባካኙ ብዬ ነበር።"

"ይቅር በለኝ" አለ ሳህሉ።

ታዴዎስ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። "ይቅርታውን በኋላ እናየዋለን። ይኼን ተቀብያለሁ፤ የራሴ ነውና። ቀሪውስ?"

እሑድ ስብሰባው ሥጋ ሻጩ ቤት ሆነ። ታዴዎስ የሦስት ወሩን መዋጮ አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ሁሉም "እሰይ!" አለ። አቶ ፍሬው ሁለት ጊዜ አስቆጠሩት። ሞላ። ፊታቸው በደስታ ፈካ፤ ይኼን ልንክዳቸው አይገባም፣ ከልባቸው ነው የተደሰቱት።

"አያችሁ?" አሉ። "ሰው ከቆረጠ ይችላል! ያለ ደመወዝ፣ በክረምት፣ ቤተሰብ ይዞ! እኔ እኮ የምለው ይኼንን ነው። መምህር፣ በመስከረም ሁለተኛ ዙር ሥልጠና አለን። ወላይታ ሶዶ ነው። አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ ምስክርነት ትሰጣለህ። እንዴት እንደቆጠብክ ትናገራለህ።"

ታዴዎስ አገጩን አሻሸ። "አበል አለው?"

"እንዴታ! ሙሉ አበል፣ ትራንስፖርት፣ ቲሸርት።"

"ከየት ነው የሚወጣው? እንዲያው ለማወቅ ያህል።"

"እሱን ለሳህሉ ተውለት" አሉ አቶ ፍሬው ሳቅ ብለው፤ ወደ ገንዘብ ያዡ ዞሩ። "ሳህሉ፣ ከየትኛው እናወጣለን?"

ሁሉም ሳህሉን አየው። ሳህሉ ስለ ሊያ የዩኒቨርሲቲ ወጪ አሰበ፤ ለጡረታ ቀረኝ ስለሚለው ዓመት አሰበ። አንድ ቃል ካወጣ ነገ ጠዋት ከበጀት ክፍል ተነስቶ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሊመደብ እንደሚችል ያውቃል። አፉን ሲከፍት ግን በየወሩ መዋጮ በሚያነብበት ድምፅ ነው የተናገረው።

"ከታዴዎስ ደመወዝ።"

"ምን አልክ?"

"ሌላ የቀረ የለም፣ ጋሽ ፍሬው። ባለፈውም ከዚያው ነው ያወጣነው። እኔ ጻፍኩ፣ እርስዎ ፈረሙ።"

ጓሮ ሆነው ሲያወሩ የነበሩት የሥጋ ሻጩ ሚስትና ሮማን ወደ በሩ ቀረቡ።

"ይኼ የቢሮ ጉዳይ ነው!" አሉ አቶ ፍሬው ፊታቸው ቀልቶ። "እዚህ የቱታ ስብሰባ ነው፤ አይነሳም!"

"እዚህ ነው እንጂ የሚነሳው" አለ ተገኘ። "ባለፈው እሑድ 'በገቢህ ልክ ኑር' ያሉት ገቢውን ወስደውበት ነው?"

አቶ ፍሬው ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዷን ብር ሁለት ጊዜ ሲያስቆጥሯቸው የኖሩ ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን ተክለውባቸዋል። "የማንንም አልወሰድኩም" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የመንግሥት ገንዘብ ነበር።"

ታዴዎስ ከተቀመጠበት ተነሳ። አልጮኸም።

"የመንግሥት አልነበረም፣ ጋሽ ፍሬው" አለ። "ሠርቼበት ነበር።"